ሁለት ጀሪካን ከአራተኛ ፎቅ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

«ፖሙ የት አለ?» አለችኝ ቅድስት በስልክ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። አርታኢዬ ናት። ሰላምታ የምትረሳው ስትናደድ ነው።

ሦስተኛው ረቂቄ ነው የተመለሰው። ለወጣቶች በሚዘጋጀው የሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ የኔ ድርሻ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው፦ ነገር ለምን ይወድቃል ለሚለው ጥያቄ የጥንት ሰዎች ምን መልስ ይሰጡ እንደነበር። ፖም ሲወድቅ አይቶ ስበትን አገኘ እስከሚባለው እንግሊዛዊ ድረስ። እንግሊዛዊው ሲመጣ የኔ ምዕራፍ ያልቃል።

«ፖሙ የመጨረሻው ሰው ነው» አልኳት። «እኔ የምጽፈው ከሱ በፊት ስለነበሩት ነው።»

«አንባቢ የሚያውቀው ግን ፖሙን ነው። ከሱ ጀምርና ወደ ኋላ ተመለስ።»

«የኛ አንባቢ ፖም ሲወድቅ መቼ አይቶ ያውቃል? ሱፐርማርኬት ተደርድሮ ነው የሚያየው።»

«ዳኘው፣ እስከ ሰኞ ነው። ካልሆነ ዶክተሩ ይጽፈዋል። ጠይቄው እሺ ብሏል።»

ዶክተሩ ፊዚክስ ያስተምራል። በሁለት ቀን ይጽፈዋል፤ በፖም ይጀምራል፣ በፖም ይጨርሳል። አንድ ስህተት አይገኝበትም። አንድም ሰው አያነበውም።

ይሄ ምዕራፍ ካመለጠኝ ምንም የለኝም። የጀመርኩትን ልብ ወለድ ከተውኩት ወዲህ በስሜ የወጣ አንድ ገጽ የለም። ተውኩት ማለት እንኳ አልችልም። ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፣ ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። ሰው «አሁን ምን እየጻፍክ ነው?» ሲለኝ ቶሎ ብዬ «አንድ የሳይንስ ነገር» እላለሁ። ይሄን አፌ ላይ ያለውን መልስ ነው ዶክተሩ ሊወስድብኝ ያለው።

ዛሬ የሰረዝኳቸው መክፈቻዎች፦

— ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ... (ሁሉም ነገር ከጥንት ጀምሮ ነው።)

— ድንጋይ ለምን ይወድቃል? (የፈተና ጥያቄ።)

— ግሪኩ ተሳስቶ ነበር። (ሰውዬውን ሳላስተዋውቅ ሰደብኩት።)

ስማቸውን መጻፍ ትቻለሁ። በስማቸው ስጠራቸው ሐውልት ይሆኑብኛል። ግሪኩ፣ ጣሊያኑ፣ እንግሊዛዊው ስላቸው ግን እዚሁ ብሎክ ላይ የሚኖሩ ይመስላሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቤት አላስቀምጥ ስላለኝ ሜክሲኮ ወጥቼ ካፌ ተቀመጥኩ። አልረዳኝም። አጠገቤ ያሉ ሁለት ልጆች ስለ ቪዛ ያወራሉ። ባቡሩ ከላይ ባለፈ ቁጥር ማኪያቶዬ ይንቀጠቀጣል።

ግሪኩ የሚለው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ነገር የራሱ ቦታ አለው። ድንጋይ የምድር ወገን ነው፣ ስለዚህ ወደ ምድር ይሄዳል። እሳት የላይ ወገን ነው፣ ወደ ላይ ይሄዳል። ማንም አይጎትታቸውም፣ ማንም አይገፋቸውም። ወደ ቤታቸው ነው የሚሄዱት። ከባዱ ደግሞ ከቀላሉ ይልቅ ይቸኩላል።

ስጽፈው የድሮ ጎረቤቶቻችን ትዝ አሉኝ። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር ተበትነዋል። ዕድሩ ግን አልተበተነም። ሰው በሞተ ቁጥር ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ ልደታ ይመጣሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፣ ድሮ የሚቀመጡበትን አግዳሚ ወንበር ፈልገው ይቀመጣሉ። ግሪኩ ቢያያቸው «አላልኳችሁም?» ይል ነበር። አንድ አንቀጽ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ያምራል፣ ግን ውሸት ነው። ድንጋይ ዕድር የለውም።

ሌላ ጣጣ። «ስበት» ብዬ ከጀመርኩ መልሱን ከመጀመሪያው መስመር ላይ ሰጠሁ ማለት ነው፤ ስበት ካለ የሚስብ አለ። ግሪኩ ደግሞ የሚስብ የለም ባይ ነው። «መውደቅ፣ መውደቅ» እያልኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። ሳነበው የሕንፃ አደጋ ሪፖርት መሰለኝ።

ማታ እራት ላይ ለአባባ ነገርኩት። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚሁ ልደታ ፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ነበር። እስከ ዛሬም ወጥ ሲቀርብለት የቀረበ ማስረጃ እንደሚመረምር አድርጎ ነው የሚያየው።

«ከባዱ ይቀድማል ነው የሚለው ግሪኩ?»

«አዎ። ዕጥፍ ከከበደ በዕጥፍ ይፈጥናል።»

«ታዲያ ምን አጠፋ?»

«አባባ፣ ትክክል አይደለም። ጣሊያኑ እኩል ነው የሚወድቁት ብሏል።»

«አይቷል?»

«ከግንብ ላይ ጥሎ አሳይቷል ይባላል።»

«ይባላል!» አለ፣ ጉርሻውን አስቀምጦ። «ይባላል የሚል ምስክር በኛ ጊዜ ወንበሩ ሳይሞቅ ነበር የሚባረረው። ግሪኩስ አይቷል?»

«እሱ... ያሰበው ነው።»

«እንግዲህ አንዱ አላየም፣ አንዱ አይቷል ይባላል። አንተ ደግሞ አንዱን አምነህ ሌላውን ልትፈርድበት ነው። መዝገቡን ዝጋውና ብላ።»

በላሁ። ንዴቴ ግን አብሮ አልወረደም። የሚያናድደኝ ደግሞ እኔም ሁለት ነገር አብሬ ጥዬ አይቼ አለማወቄ ነው። በዚህ ዕድሜዬ። ሁሉንም ያነበብኩት ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

መጻፍ አልችልም፣ ግን ልጻፈው።

ጠዋት ውሃ መጣች። ጀሪካኖቹን ሞልቼ በረንዳው ላይ ስደረድራቸው ሐሳቡ መጣልኝ። ሁለት ተመሳሳይ ባለ አሥር ሊትር ቢጫ ጀሪካን፦ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ከግማሽ በታች። መጠናቸው አንድ ስለሆነ አየሩ እኩል ይይዛቸዋል። ክብደታቸው ግን ይለያያል። አራተኛ ፎቅ ነን። የሕንፃው ጀርባ ሰው አያልፍበትም።

አባባን ጠራሁት። «ምስክር አይደል ያልከው? ና ውረድና መስክር።»

ደስ አለው። ኮቱን ለበሰ! ቀስ እያለ ደረጃውን ወርዶ ግድግዳው ጋ ቆመ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። እኔ በረንዳው ላይ የተሰጣውን ልብስ ሰበሰብኩ፣ ወደ ታች አየሁ። ማንም የለም። ከወዲያ ጥጉ ላይ የእትዬ ዘይነባ በርበሬ ሸራ ላይ ተሰጥቷል፣ ቀይ ምንጣፍ መስሏል። የራቀ መሰለኝ።

እትዬ ዘይነባ አንደኛ ፎቅ ናቸው። አብነት ገበያ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። ያ በርበሬ ግን ለሱቅ አልነበረም፤ ልጃቸው ሶፊያ ጥር ላይ ታገባለች።

ሙሉውን በቀኝ፣ ቀላሉን በግራ አንጠለጠልኩ። እጆቼን ከበረንዳው ብረት ውጪ ዘረጋሁ። አባባ ኮቱን አስተካክሎ እስኪዘጋጅ ቆይቷል፤ ቀኝ ክንዴ ሊገነጠል ደረሰ።

«ልቀቅ!» አለኝ።

ለቀቅኩ። ሁለቱንም አንድ ላይ ለቀቅኩ። እምላለሁ።

ቀላሉ ቀድሞ መሬት መታ። ሙሉው ተከተለ፣ ግን ቀጥ ብሎ አልወረደም። ከእጄ ሲወጣ ወደ ውጪ ተወዝውዞ ነበር። ጥጉ ላይ፣ ሸራው መሐል አረፈ። ፈነዳ። በርበሬው እንደ ወፍ መንጋ ብድግ ሲል አየሁት።

አባባ ከታች፦ «ቀላሉ ቀደመ!»

ከዚያ የእትዬ ዘይነባ ድምፅ፦ «ያ ረቢ! ያ ረቢ! ምን መዓት ነው?»

ሶፊያ በመስኮት ብቅ አለች። ወደ ላይ አየችኝ። እኔ አሁንም ሁለት እጄን እንደ ዘረጋሁ ነኝ።

«ሰውዬ፣ ልትባርከን ነው ልትጨርሰን?»

ወርጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። እትዬ ዘይነባ አልጮሁብኝም። ሸራው አጠገብ ተቀምጠው የጨቀየውን ከደረቁ እየለዩ ነበር። የሚለይ ብዙም አልነበረም፤ ውሃው ሁሉንም ነክሮታል፣ ግማሹ ከጭቃ ጋር ተቦክቷል። «ሊደርቅ አንድ ቀን ነበር የቀረው» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለበርበሬው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ደግሞ ቀላሉ ነው የቀደመው። ግሪኩ ከባዱ ይቀድማል አለ። ጣሊያኑ እኩል ናቸው አለ። ቀላሉ ይቀድማል ያለ ሰው አላነበብኩም። እነሱ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ለተከራከሩበት ነገር እኔ በአንድ ጠዋት ሦስተኛ መልስ አመጣሁ፣ የተሳሳተ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ደረጃው ላይ ሶፊያ።

«አቶ ደራሲ፣ ዛሬስ ምን ትጥላለህ? ፍሪጁን?»

መውረዴን ቀጠልኩ። ጀርባዬ ላይ እስከ ታች ድረስ ሳቋ ተከተለኝ።

አብነት ሄድኩ፣ በርበሬ ልገዛ። ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። ሁሉም ቀይ ነው፣ ሁሉም ያስነጥሳል። አንዷ ሻጭ «ለምን ነው?» አለችኝ። «ለሰርግ» አልኩ። «ሙሽራው አንተ ነህ?» «አይ፣ እኔ በርበሬውን ያበላሸሁት ነኝ።» ለጎረቤቷ ነገረቻት፣ ጎረቤቷ ለጎረቤቷ። ከሁሉ የቀላውን መረጥኩ። ጆንያ ሙሉ ተሸክሜ ተመለስኩ።

እትዬ ዘይነባ አንዱን ዛላ አንስተው ሰበሩት፣ አሸተቱት፣ መልሰው ጆንያው ውስጥ ጣሉት።

«የማረቆ በርበሬ አይደለም።»

«ምን ልዩነት አለው፣ እትዬ?» ብዬ ጠየቅኩ። ባልጠይቅ ጥሩ ነበር።

«አንተ የጻፍከውን መጽሐፍ ወስጄ የሌላ ሰው መጽሐፍ ባመጣልህ፣ ያው መጽሐፍ ነው ትላለህ?»

የጻፍኩት መጽሐፍ የለም ልላቸው ነበር።

ጆንያውን ወደ አራተኛ ፎቅ አወጣሁት። አሁን ኮሪደሩ ላይ ነው። ቤቱ በሙሉ ያስነጥሳል። አንድ መስመር አልጻፍኩም። ቅድስት መልእክት ላከች፦ «እንዴት እየሄደ ነው?» እየወደቀ ነው ብዬ ጽፌ አጠፋሁትና «ጥሩ» ብዬ ላኩ።

አባባ ግን ጉዳዩ በሽምግልና ይለቅ ብሎ ከእትዬ ዘይነባ ጋር ተነጋግሯል። ነገ ከጁምዓ በኋላ። «ቀጠሮ ተሰጥቷል» አለኝ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ያንን ዓረፍተ ነገር በማለቱ ፊቱ በርቶ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። አታቃጥሉ እየተባለም ጠዋት ግቢው ውስጥ ቆሻሻው ተከምሮ እሳት ተለኮሰበት። በረንዳ ላይ ቆሜ ጭሱን አየሁት። ግሪኩ እንዳለው ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ወጣ... እስከ ሦስተኛ ፎቅ። ከዚያ ተጠመዘዘና የኛ ሳሎን ገባ። ጭስ እንኳ ግሪኩን አይሰማም። መስኮት ዘግቼ ጻፍኩት፣ ከዚያ ሰረዝኩት። ሁሉም ነገር ምሳሌ ይሆነኛል፣ ዓረፍተ ነገር ግን አይሆነኝም።

ከሰዓት እትዬ ዘይነባ በር ላይ ተሰበሰብን። አባባ ኮቱን ለብሶ መጣና ቆሞ ተናገረ።

«ተከሳሹ ልጄ ነው። በዚያ ላይ ምስክር ነኝ። ስለዚህ ሽማግሌ ሆኜ ልቀመጥ አልችልም፤ ከችሎቱ ተነስቻለሁ።»

«ታዲያ ማን ይዳኝ?» አለች ሶፊያ።

ተያየን። ሌላ ሽማግሌ የጠራ ሰው የለም።

«እኔው እዳኛለሁ» አሉ እትዬ ዘይነባ።

አባባ ቅር አለው። የግል ተበዳይ ዳኛ ሲሆን አይቶ አያውቅም። ግን ዳኛዋ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል፣ እሱም ተቀመጠ።

«አንተ ልጅ፣ ውሃ ለምን ትጥላለህ? ሰው ውሃ አጥቶ ሌሊት ይሰለፋል።»

ልመልስ ሞከርኩ። ከባድና ቀላል ነገር አብረው ቢለቀቁ የቱ ይቀድማል የሚል ክርክር አለ አልኳቸው። ስለዚያ የምጽፈው ነገር አለ፣ ሰኞ ካላደረስኩ ለሌላ ሰው ይሰጣል አልኳቸው። ድምፄ ተሰበረ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ስለ በርበሬው ስናገር አልተሰበረም ነበር።

እትዬ ዘይነባ ፍርዱን ሰጡ።

«የማረቆውን ነገ በጠዋት አብረን ሄደን እኔ እመርጣለሁ፣ አንተ ትሸከማለህ። ቤት ስንመለስ ተቀምጠህ ትቀነጥሳለህ። እስኪያልቅ።»

«እስኪያልቅ ቅዳሜን ይፈጃል፣ እትዬ። ሰኞ...»

«እኔስ ሰርግ የለብኝም?»

አባባ «ይግባኝ የለውም» ብሎ ተነሳ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

በርበሬ መቀንጠስ ማለት ከእያንዳንዱ ዛላ ላይ ጉቶውን ነቅሎ መጣል ነው። በጣት ጫፍ። አንድ ዛላ ምንም አይደለም። አንድ ጆንያ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጠዋት እትዬ ዘይነባ የመረጡትን ተሸክሜ መጣሁ፤ አንደኛ ፎቅ ኮሪደሩ ላይ ሸራ ተዘርግቶ ዙሪያውን ተቀመጥን፦ እትዬ ዘይነባ፣ ሶፊያ፣ እኔ። አባባ ከበላይ ወንበር ላይ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ። እሱ አይቀነጥስም። ታዛቢ ነው።

ሶፊያ አምስት ስትጨርስ እኔ አንድ። «ይሄን ለሙሽራዬ እንዳትነግሩት፣ ከኔ የባሰ ወንድ አለ ብሎ ይኮራል» ትላለች። ሳቅን። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ መሰለኝ።

«እሺ ክርክሩን ጨርስልን» አሉ እትዬ ዘይነባ። «እኒያ ሰዎች ምን አሉ?»

ነገርኳቸው። መክፈቻ አልፈለግኩም፣ እጄ ሥራ ላይ ነበር። ግሪኩ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል አለ አልኩ። ከሱ ብዙ ዘመን በኋላ የእስክንድርያ ሰው መጣ፣ ክርስቲያን ነው፤ ሁለት ድንጋይ፣ አንዱ ከሌላው እጅግ የከበደ፣ ከአንድ ከፍታ ብትለቅ የሚደርሱበት ጊዜ ልዩነት ኢምንት ነው ብሎ ጻፈ።

አባባ መሐረቡን አወረደ። «የእስክንድርያ?»

«አዎ።»

«ጳጳስ ሲመጣልን የኖረበት አገር!» ለእትዬ ዘይነባ ያስረዳቸዋል። «የእስክንድርያ ሰው እንግዲህ ዝም ብሎ አይናገርም። ይሄን ምስክር ለምን እስከ ዛሬ ደበቅከው?»

«የናንተ ሰው ተገኘ» አሉ እትዬ ዘይነባ። «የኛስ የሉበትም?»

«አሉ እንጂ። የቡኻራው ሐኪም አለ። የተወረወረ ነገር ከእጅ ከወጣ በኋላ ለምን መሄዱን ይቀጥላል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ወርዋሪው ዝንባሌ አውርሶታል፣ የሚቋቋመው ነገር እስኪያገኝ ድረስ ዝንባሌው አይጠፋም አለ። በሱ ዘመን ደግሞ ሌላ ሙስሊም ሊቅ ነበር፤ ምድር ክብ ከሆነች ከታች በኩል ያሉት ለምን አይወድቁም ለሚሉት፣ ታች የሚባለው በሁሉም በኩል ወደ መሐሏ ነው ብሎ መለሰላቸው። ከነሱም በፊት አንድ ህንዳዊ፣ ውሃ መፍሰስ ጠባዩ እንደሆነ ሁሉ ነገርን ወደ ራሷ መሳብም የምድር ጠባይ ነው ብሏል።»

«ማሻ አላህ» አሉ እትዬ ዘይነባ፣ ጉቶ እየነቀሉ።

«ታዲያ የአንተ ጀሪካን ለምን እንዲያ ሆነ?» አለች ሶፊያ። «ቀላሉ ቀደመ አላሉም ጋሽ ይልማ?»

«ብዬአለሁ። እመሰክራለሁ» አለ አባባ።

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው። ያ ነገር ረቡዕን ሙሉ፣ ሐሙስን ሙሉ ሲበላኝ ነበር።

ከሰዓት ላይ ነው የሆነው። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። አንዱን ዛላ ጨርሼ ወደ ክምሩ ልጥለው ስል እጄ አልተከፈተም። ልቀቅ አልኩት፣ አልለቀቀም። ትንሽ ቆይቶ፣ የራሱ ጊዜ ሲደርስ፣ ጣቶቼ ተከፈቱ።

«ልቀቀው እንጂ!» አለች ሶፊያ። «ቀለበት ነው እንዴ የያዝከው?»

እጄን አየሁት።

ሙሉውን ጀሪካን የያዘው ቀኝ እጄ ነው። አባባ ኮቱን እስኪያስተካክል ደክሞ ነበር። የደከመ እጅ አጥብቆ የያዘውን ቶሎ አይለቅም። ለቅቄአለሁ ብዬ አምኜ፣ እጄ ግን ይዞት ነበር። በዚያ ቅጽበት ቀላሉ ጉዞ ጀምሯል። የተወዛወዘውም ለዚያ ነው።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ጣሊያኑ ራሱ ወጣት ሳለ፣ ሲለቀቁ ቀላሉ መጀመሪያ ላይ ቀድሞ ይታያል፣ ኋላ ከባዱ ይደርስበታል ብሎ ጽፎ ነበር። ሳነበው «እንግዳ ነገር» ብዬ አልፌዋለሁ። ምክንያቱን ወደ ነገሮቹ ጠባይ ወስዶ ሊያስረዳ ይደክማል። እጁ ይሆናል! በእጁ እየጣለ ነበራ! ጣሊያኑ በእውነት ጥሎ አይቷል ማለት ነው፤ ያልጣለ ሰው ይሄን ስህተት ከየት ያመጣዋል?

«አባባ፣ ምስክር አለኝ» አልኩ።

ከእትዬ ዘይነባ ጣውላ ለመንኩ። ሁለት የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ፣ አንዱ ሙሉ አንዱ ሩብ፣ ጣውላው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን አቆምኩ። ከአንደኛ ፎቅ ብረት ላይ። ሶፊያ ወርዳ ሰው እንዳያልፍ ቆመች፣ መሬቱንም አይታ «በርበሬ የለም!» ብላ ጮኸች። ጣውላውን ገለበጥኩት። እጅ የለበትም።

ዷ።

በብረቱ ላይ ጎንበስ ብለን አየን።

«አንድ ነው የሰማሁት» አሉ እትዬ ዘይነባ።

ሁላችንም አባባን አየነው። ግሪኩን ከማክሰኞ ጀምሮ ሲከላከል የነበረ ሰው ነው። አፉን በመሐረብ ጠረገ።

«አንድ ጊዜ ነው የሰማሁት። ይመዝገብልኝ።»

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሳላስብ ዓይኔን በእጄ አሸሁት። ግማሽ ቀን በአንድ ዓይን ጻፍኩ።

ግን ጻፍኩ። መክፈቻው እንዲህ ነው፦ «አንድ ሰው ሁለት ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሟል።» ከዚያ ማንም አላስቆመኝም። ግሪኩ መጣ፣ የእስክንድርያው መጣ፣ ህንዳዊው፣ የቡኻራው። ጣሊያኑ በደከመ እጁ መጣ። እንግሊዛዊው ሲደርስ አቆምኩ። ፖም የለበትም። አስቤ አስቤ አላስገባሁትም።

አባባ ዛሬ ቅበላ ነው፣ ነገ ጾም ይገባል፣ ሥጋ ሳንበላ ልንውል ነው ወይ እያለ ሁለት ጊዜ በሩን አንኳኳ። ሦስተኛ ሲመጣ ገጹን አነበብኩለት። ጨርሶ ሲሰማ፦

«እኔን ለምን ኮት አለበስከኝ?»

«ለብሰህ ነበራ።»

«ዳኛ መስዬ እንዳልታይ ብዬ ነው። ምስክር ነበርኩ።»

«ላውጣው?»

አሰበ። «ይቆይ።»

ማታ ላይ ፍርሃቱ ተመለሰ። ይሄ ሳይንስ ነው ወይ? የጎረቤት ወሬ ነው? ዶክተሩ ቢያነበው ይስቃል። ቅድስት ደግሞ ከመጀመሪያው ፖም ነው ያለችው፤ እኔ በርበሬ ይዤላት እሄዳለሁ።

ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ልብ ወለድ አየሁት። አወርደዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ያዝኩት። ከባድ ነው። መልሼ አስቀመጥኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጠዋት ላኩት። ደግሜ አላነበብኩትም። ካነበብኩት አልልከውም ነበር።

ከዚያ መጠበቅ። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት፣ መልሼ አዞርኩት። ጀሪካኖቹን ሞላሁ። ሶፊያ ከታች ስታየኝ «ሰው ሁሉ ይግባ! ደራሲው ውሃ ይዟል!» ብላ ጮኸች። እትዬ ዘይነባ በርበሬው ደርቆ ሲፈጭ አንድ ጣሳ እንደሚልኩልን ለአባባ ነግረውታል። ይቅርታው ይሄ ይመስለኛል። በአፍ አላሉትም።

እኩለ ቀን አለፈ። ምንም የለም። ቅድስት ለዶክተሩ ደውላለታለች ብዬ ደመደምኩ። ያ ሰው አሁን ተቀምጦ «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ» ብሎ እየጻፈ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደወለች።

«ደህና ዋልክ?» አለች። ሰላምታ። የስንብት መሰለኝ።

«ደህና።»

«አነበብኩት። ፖሙን ፈልጌ አጣሁት።»

«የለም።»

«አውቃለሁ የለም። ሁለት ጊዜ ፈለግኩት።» ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል። «ዳኘው፣ ይሄ የእጁ ነገር... ከልብህ ነው? ወይስ ለልብ ወለድ ያህል የጨመርከው ነው?»

«ከልቤ ነው። እጅሽ ከደከመ ይዘገያል፤ አንቺ አይታወቅሽም።»

ወረቀቱን መግለጥ አቆመች። ምዕራፉን ልትሰጠኝ ይሁን ልትነጥቀኝ መለየት አቃተኝ። አባባ በሩ ላይ ቆሟል፣ ኮቱን አልለበሰም።

«ቆይ» አለች ቅድስት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ተሰማኝ። ወንበር ተንቀሳቀሰ። የሆነ ነገር አነሳች፣ ከዚያ ሌላ ነገር። ረጅም ጊዜ ያዘቻቸው።

ከዚያ ወለሉን ሲመቱ ሰማሁ።

አንድ ይሁን ሁለት፣ በስልክ መለየት አልቻልኩም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ እየጠበቅኩ ነው፤ እሷም የሷን መልሳ እስክታነሳው።